የላንድሮቨሩ ባና

ትናንት መኪናዬን ስታጸጂልኝ ከዳሽቦርዱ መሳቢያ ያወጣሽው ጥቁር ቁራጭ ጨርቅ አሁንም እጄ ላይ ነው። በሁለት ጣትሽ አንጠልጥለሽ፣ በሌላው እጅሽ አፍንጫሽን ይዘሽ፣ «እማ፣ ይሄ ምንድን ነው? ልጣለው?» ስትይኝ እንዴት እንደጮኽሁብሽ አውቃለሁ። ደንግጠሽ «እሺ፣ ቢያንስ ልጠበው» አልሽ። በዚህኛው ደግሞ ይበልጥ ጮኽሁ። ከአንድ መሐረብ ለማይበልጥ ጨርቅ! ይቅርታ አድርጊልኝ፣ አንቺ ምንም አላጠፋሽም። ነገሩን ነግሬሽ ባለማወቄ ጥፋቱ የኔ ነው።

አሁን ቁጭ በይና አሽትቺው። አይዞሽ፣ አይገድልም። መጀመሪያ የሚመጣው ቤንዚን ነው። ቀጥሎ የቆየ የሞተር ዘይት። ትንሽ ከታገስሽ ደግሞ ከሥር ዝናብ የነካው በግ ይሸታል። ባና ነው፤ መንዞች ከበግ ጠጉር ፈትለው የሚሸምኑት ወፍራም ብርድ ልብስ። ባና እንዴት የመኪና ዘይት ጠጣ ካልሽኝ፣ አያትሽን ላስተዋውቅሽ ነው።

አያትሽን የምታውቂው ሳሎን ባለው ፎቶግራፍ ብቻ ነው፤ እዚያ ላይ ደግሞ ከረባት አስረው አስቀምጠውት ሌላ ሰው አስመስለውታል። ደብረ ብርሃን እያለን አባቴ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበር። ቀኑን ሙሉ ፋይል ሲያወጣና ሲያስገባ ይውልና ከሥራ ሲመለስ ኮቱን ሳያወልቅ የመኪናው ኮፈን ሥር ይገባል። እናቴ ምግብ ሲደርስ እሱን በስሙ አትጠራውም፤ ኮፈኑን በማንኪያ ታንኳኳበታለች።

መኪናው አረንጓዴ ላንድሮቨር ነበር፤ አባቴ ሲገዛው ራሱ አሮጌ። የሸጠለት ሰው እንደነገረው፣ መኪናው በድሮ ጊዜ መንዝ ውስጥ ገደል ገብቶ ከሻንሲው በላይ ያለው አካሉ እንዳልነበር ሆኗል። ያኔ አንድ የአገሩ አናጢ የጽድ እንጨትና የበርሜል ላሜራ ይዞ በሩን፣ ጣሪያውን፣ መቀመጫውን፣ ሁሉንም እንደ አዲስ ሠራው። ከኋላው መቀመጫ ሥር ያለው ጣውላ ላይ በጋለ ብረት የተተኮሰ መስቀልና «መሐል ሜዳ ተሠራ» የሚል ጽሕፈት ነበር። ጎረቤቶች «የእንግሊዙ መኪናህ እንዴት ነው?» ሲሉት አባቴ ይቆጣል። «እንግሊዝ ሞተሩ ነው። እሱ ራሱ መንዜ ነው» ይላቸዋል። ውርጭ በጣለበት ጠዋት የሰፈሩ መኪና ሁሉ አልነሣም ብሎ የኛው ከተነሣ ደግሞ ደስታው አይጣል ነው።

ያንን መኪና ለማሳመር ያልሠራው ነገር የለም። ዝገቱን ፈገፈገ፣ ቀለሙን ቀባ፣ መስተዋቱን አስቀየረ። የኋላውን መቀመጫ ያፈረስሁት ግን እኔ ነኝ። የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁ መሰለኝ። አባቴ ቢላ ሰጠኝና «ቅደጅው» አለኝ፤ ልጅ እንዲህ ያለ ትእዛዝ ከየት ያገኛል? ሆዱን ስተረትረው እንደ ክር የቀጠነ ደረቅ ሣር ተዘረገፈ። «ይሄን ሁሉ ዘመን ሣር ላይ ነዋ የተቀመጥነው!» ብለን ሁለታችንም ሳቅን። ሣሩን ጓሮ ወስጄ አቃጠልሁት። ልባሱን ልጥለው ስል አባቴ ከለከለኝ። ቡናማና ጥቁር መስመር ያለው፣ ማዕዘኑ የተላጠ ባና ነበር። «ዘይት ይጠርጋል፣ አትጣዪው» አለና በመቀስ ቆራርጦ መፍቻዎቹ ጋር አስቀመጠው። በሣሩ ፋንታ ስፖንጅ፣ በባናው ፋንታ ቀይ ፕላስቲክ ቆዳ ገባ። አባቴ በዚያ ቀይ መቀመጫ ይኮራ ነበር፤ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የሚያሳየው እሱን ነው።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት በምጠብቅበት ዓመት አባቴ ጡረታ ወጣ። በዚያው ዓመት ጉልበቱ ከፍሪሲዮን ጋር ተጣላ፤ ሲረግጠው ያመዋል። እኔ መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ገና ሁለት ወሬ ነበር። አንድ ቀን ምሳ ላይ ድንገት «ሰው ጡረታ ሲወጣ አገሩን ይጎበኛል። መኪናውም የተወለደበትን ይይ። አንቺ ትነጂዋለሽ» አለ። እናቴ መርሐቤቴ ነች፤ ጉርሻዋን ጨብጣ አፈጠጠችበት። «አገሬን ዓለም ከተማን ካየሁ ስንት ዘመኔ! እኔ ጎማ ስለሌለኝ ይሆናል ያልወሰድኸኝ» አለች። እንደዚያ ብላ ስታበቃ ግን ለመንገዳችን በሶውንም ዳቦ ቆሎውንም ያዘጋጀችው እሷው ነበረች።

አባቴ የፈለገው አንድ ነገር ነበር። ያ አናጢ በሕይወት ካለ መኪናውን እንዲያይለትና «ጎሽ፣ ጠብቀህልኛል» እንዲለው። ይህንን በግልጽ አልተናገረም፤ ግን ከመነሣታችን በፊት ቀዩን መቀመጫ ሦስት ጊዜ ሲወለውለው አይቻለሁ። ዐርባ ዓመት ሙሉ ፋይል ሲያመላልስ «ጎሽ» ያለው ሰው እንደነበረ እንጃ።

ሰኔ መግቢያ ነበር፤ ፀሐይ ወጥታ ብርዱ ገና ያልለቀቀበት ጠዋት። ጣርማ በር ስንደርስ ጉም መንገዱን ውጦታል። አስፋልቱን ትተን ወደ ግራ ስንታጠፍ የጽዱ አካል መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እንጨቱ ሲጥ ሲጥ ይላል፣ በሩ ይንኳኳል፣ መፍቻዎቹ ሣጥናቸው ውስጥ ይጋጫሉ። አባቴ አጠገቤ ሆኖ በየመታጠፊያው የሌለ ፍሬን ይረግጣል። «ማርሽ ቀንሺ… ቀንሺ አልሁሽ… እንዴ፣ ቀንሰሻል ለካ።» እኔ መሪውን አንቄ ይዤ ላብ በላብ ነኝ። እሱ ግን መሐል መሐል ላይ ዳሽቦርዱን እየደባበሰ «ደረስን፣ ደረስን» ይለዋል፤ እኔን የሚያበረታታ መስሎኝ ሁለት ጊዜ «እሺ» ብዬዋለሁ።

ጓሳ ላይ ቆምን። ዓይን እስኪደክም ሣር ነው፤ ነፋሱ ሲመጣ አንድ ላይ ይተኛል፣ ሲያልፍ አንድ ላይ ይነሣል። ቀጭን፣ ወርቃማ ሣር። ጎንበስ ብዬ ስነካው አወቅሁት። ያ ጓሮ ያቃጠልሁት ሣር ነው። አባቴም አውቆታል መሰለኝ፤ ለማስታወሻ ብሎ አንድ ጭብጥ ነጨ። ከየት እንደመጣ ሳናየው ጋቢ የተከናነበ ዘብ አጠገባችን ቆሞ ኖሯል።

«አባቴ፣ ጓሳ ተዘግቷል» አለ በትሕትና።

«አንድ ጭብጥ ብቻ ነው ወንድሜ።»

«አንድ ጭብጥ እኔም አልነካሁም። አገሩ ተሰብስቦ ይከፈት ሲል ነው የሚታጨደው። እዚያው ይተዉት።»

አባቴ ሣሩን የነጨበት ቦታ ላይ መልሶ አስቀመጠው። እንደ ተማሪ ጆሮው ቀልቶ ነበር። መኪናው ውስጥ ገብተን ትንሽ ከሄድን በኋላ ነው «ጥሩ ሕግ ነው» ያለው።

መሐል ሜዳ የገበያ ቀን ስለነበር መኪናውን ገና ከማቆማችን ሰው ከበበን። ጠላ የምትሸጥ ሴትዮ በሩን በጣቷ አንኳኩታ ድምፁን ሰማችና «ይሄማ የሽማግሌው አናጢ እጅ ነው! የቤተ ክርስቲያኑን ጣሪያ የሠሩት» አለች። አሉ? አሉ። አርጅተው ከልጃቸው ጋር ነው የሚኖሩት፤ ወደ ጓሳ በሚመልሰው መንገድ ዳር፣ የድንጋይ ቤት። በሩ ላይ እንዳለፍን ያወቅነው ያኔ ነው። አባቴ ለመመለስ ሲጣደፍ ጉልበቱን ረስቶ ዘሎ ገባ።

ሽማግሌው መኪናውን ከሩቅ ሲያዩት ከተቀመጡበት ድንጋይ ተነሡ። ልጃቸው፣ የአምሳ ዓመት ያህል ሴት፣ ልትደግፋቸው ስትል በዱላቸው ገለል አደረጓት። መጥተው መኪናውን ዞሩት። ማጠፊያውን ዳሰሱ። ጣውላውን በጣታቸው አጥንት አንኳኩ፤ ጆሯቸውን አስጠጉ። አባቴ ኮቱን ቆልፎ እጁን ከኋላ አጣምሮ ቆሟል። የፈተና ውጤት የሚጠብቀው እሱ እንጂ እኔ አልመስልም ነበር።

«አምሮበታል» አሉ በመጨረሻ። የአባቴ ትከሻ ሲወርድ አየሁት። ከዚያ የኋላውን በር ከፈቱና መዳፋቸውን ቀዩ መቀመጫ ላይ አሳረፉ። መዳፋቸውን ወዲያና ወዲህ አደረጉ፤ አንድ የጠፋባቸውን ነገር እንደሚፈልጉ።

«ባናውስ?» አሉ።

አባቴ ወደ እኔ አየ። «አርጅቶ ነበር… አለቀ» አለ።

«አለቀ» አሉ እሳቸውም። ራሳቸውን ሁለት ሦስት ጊዜ ነቀነቁ። ከዚያ እንግዳ መሆናችንን አስታውሰው «ግቡ እንጂ፣ ብርድ ነው፣ ግቡ» አሉን፤ ድምፃቸው ግን ከቅድሙ ቀንሶ ነበር።

እኔ ልጃቸውን ተከትዬ እንጨት ላግዛት ወጣሁ። የነገረችኝ እዚያ ነው፣ ማገዶ ክንዴ ላይ እየደረደረች። ባናውን የፈተለችው እናቷ ነበረች። መኪናው እዚህ ግቢ ውስጥ ሲሠራ አናጢው እንጨቱን ይልጋሉ፣ እናትየዋ አጠገባቸው ቁጭ ብላ እንዝርቷን ታሾራለች፤ ባናውንም የሸመኑት እሳቸው ናቸው። መኪናው በሄደ በዓመቱ እናትየዋ ሞተች። ተዝካሯ ሲወጣ አባትየው ለነፍሷ ብለው ልብሷን፣ የፈተለችውን፣ የለበሰችውን፣ አንድ ሳያስቀሩ ለነዳያን ሰጡ። አገሩ እንደዚያ ያደርጋል፤ እሳቸው ግን ከመጠን በላይ አደረጉት፤ እንዝርቷንም ሰጡ። ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው ከእጇ ምንም እንዳልቀራቸው የገባቸው።

«የቀረው መኪናው ላይ ያለው ነው ይላል» አለችኝ። «ገበያ በመጣ ቁጥር ሾፌሩን ሁሉ ይጠይቃል። አረንጓዴ ላንድሮቨር አላያችሁም? የኋላ መቀመጫው ባና የለበሰ? ይኸው እስካለፈው ቅዳሜ ድረስ።»

ማገዶውን አስቀምጬ በቀጥታ ወደ መኪናው ሄድሁ። የመፍቻውን ሣጥን ከፍቼ ሁሉንም መሬት ላይ ዘረገፍሁት። ከዚያ ሁሉ ቁራጭ የቀረው አንድ ብቻ ነበር፤ ትልቁ መፍቻ የተጠቀለለበት። ሁለት መሐረብ ያህላል፤ ከዘይት ብዛት ቡናማው ከጥቁሩ አይለይም። አባቴ የመፍቻውን ኳኳታ ሰምቶ ወጥቶ ነበር። ሁሉንም ነገርሁት።

ፊቱ ላይ ያየሁትን እስከ ዛሬ አልረሳውም። «ይሄን ነው የምትሰጫቸው? እጄን የጠረግሁበትን? ከዚህስ አለቀ ብለው ቢቀመጡ ይሻላቸዋል» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«በሚመጣው ቅዳሜ እንደገና ሾፌር ሊጠይቁ ነው እኮ፣ አባዬ።»

ዞር ብሎ የወለወለውን ቀይ መቀመጫ አየው። ከዚያ ጨርቁን ከእጄ ወሰደና ራሱ ገባ። ያንን የሚያመውን ጉልበት አጥፎ፣ ምሰሶውን ይዞ፣ ሽማግሌው እግር ሥር ተንበረከከ። «ዋሽቼዎታለሁ። አላለቀም፤ እኔ ነኝ የቆራረጥሁት። ዘይት ጠርጌበታለሁ። ይህችው ቀርታለች። አላወቅሁም ነበር፣ ይቅር ይበሉኝ» አለ።

ሽማግሌው ተቀበሉት። ከጠርዙ አንድ ክር መዘዙ። ዘይቱን በምራቅና በጣታቸው ጠራረጉና በበሩ ወደሚገባው ብርሃን አንሥተው አገላበጡት። ሴትዮዋ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆማለች። ደጅ በግ ይጮሃል።

«እዩት» አሉ። «ወደ ግራ ነው የከረረው። ግራኝ ነበረች። ክር ሁሉ ወደ ቀኝ ይከርራል፣ የሷ ወደ ግራ። ስሸምነው መከራዬን ነው ያሳየኝ። አንድ ጊዜ በቀኝሽ ፍተዪ ብላት ሦስት ቀን አኮረፈችኝ።» ይህን ብለው ሳቁ። እየሳቁ እንባቸው ጉንጫቸው ላይ ይወርድ ነበር፤ አልጠረጉትምም።

አባቴ ከተንበረከከበት ሳይነሣ «በቤንዚን አጥቤ፣ ንጹሕ አድርጌ አመጣልዎታለሁ» አለ።

«አይታጠብ!» አሉ። ደንግጠው ጨርቁን ወደ ደረታቸው ሳቡት። «ብል ያልበላው ለምን ይመስልሃል? ዘይትህ ነው ያተረፈልኝ። ተነሥ ልጄ፣ ተነሥ። ጠብቀህልኛል።»

አባቴ መነሣት አቃተው። በጉልበቱ ምክንያት አልነበረም። እኔና ሴትዮዋ ግራና ቀኝ ይዘን አነሣነው።

ልንሄድ ስንል ሽማግሌው ቢላ አስመጡና ባናውን እኩል ለሁለት ከፈሉት። ልጃቸው «ምነው አባባ፣ ስንት ዓመት ጠብቀኸው» ብትላቸው አልሰሟትም። ግማሹን ለእኔ ሰጡኝ፣ ነጂዋ እኔ ስለሆንሁ። «ለመኪናው ብላ ነው የፈተለችው። ባዶውን አይሂድ» አሉ። ከዚያ እስከ ሣሩ መጀመሪያ ልሸኛችሁ ብለው የኋላው መቀመጫ ላይ ወጡ። አባቴ ፈራ ተባ እያለ «ስፖንጁ እንዴት ነው?» ሲላቸው አሰቡና «ለሕፃን አልጋ ጥሩ ነው» አሉት። ያን ያህል ስቆ አያውቅም አባቴ። ሲወርዱ ዱላቸውን ወደ ጓሳ ዘረጉ። «ሲከፈት ሣር አጭድለታለሁ። ያንን ቀይ ነገር አውጣለት።»

ጓሳ የተከፈተው ዓመታት ቆይቶ ነው። አንድ ቀን ከመንዝ በመጣ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ባለው ፖርቶ መጋላ ተጭኖ አንድ ትልቅ ነዶ ሣር ደጃችን ደረሰ። ያመጣው ረዳት መልእክቱን በቃሉ ነገረን፤ ልጅየዋ ናት የላከችው። አባቷ ጓሳ ሳይከፈት አርፈዋል፤ የሣሩን ነገር ግን አደራ ብለዋት ነበር። ግማሿን ባና ይዘው እንደተቀበሩም ነገረን። አባቴ ያን ዕለት እህል አልቀመሰም። በማግሥቱ ቀዩን መቀመጫ በራሱ ቢላ ቀደደውና ሣሩን ሞላበት።

ላንድሮቨሩ ዛሬ የለም። አባቴ ካረፈ በኋላ ደጅ ቆሞ ዝናብ ሲበላው አጎትሽ ሊያሠራው ይዞት ሄደ፤ አንዱን አካሉን ለሌላ መኪና፣ ሌላውን ለሌላ እየሰጠ ጨረሰው። ሊወስዱት ሲመጡ እኔ ያወጣሁት ይህችን ብቻ ነው። የአባቴንም ልብስ እናቴ ሰጥታ ጨርሳ ነበር፤ ኮቱን እንኳ አላስቀረችም። ለነፍሱ ብላ ነው፤ እንዴት እቆጣታለሁ?

እንግዲህ ጣትሽን አምጪ። ክሩን ያዢው፤ ወደ ግራ መክረሩን ታገኚዋለሽ፤ እሱ የእሷ ነው። ጣትሽ ላይ የቀረው ጥቁሩ ደግሞ ያንቺው አያት ነው፤ ከሥራ ሲመለስ ኮቱን ሳያወልቅ የጠረገው እጁ። ሌላ ቦታ የትም የለም። አጥፈሽ ወደ መሳቢያው መልሺው። አይታጠብ።